«ነው።» የት ይገባል? የኢሜይል ሰርቨርና የፊደላችን ዕጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨሩን ወደ አዲስ ማሽን ሲያዛውር እንዳግዝ ተጠርቼ ነበር። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ደብዳቤዎቹ በሙሉ ተሻገሩ፤ የይለፍ ቃሎቹም ሠሩ። ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ የአድራሻ ደብተራቸውን ከፈቱ። ለዓመታት በአማርኛ የመዘገቧቸው ስሞች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። አራት ፊደል የነበረው ስም አራት የጥያቄ ምልክት ሆኗል፤ አምስት የነበረውም አምስት። የስሙ ርዝመት አለ፤ ስሙ ግን የለም።

ደግነቱ አሮጌው ማሽን ገና አልተደመሰሰም ነበር። እሱ ባይኖር ኖሮ እነዚያን ስሞች የሚመልስ ምንም ብልሃት አልነበረንም።

ጥፋቱን ስንፈልግ አንድ መስመር ላይ አገኘነው። አዲሱ ዳታቤዝ ሲፈጠር ጽሑፍን በየትኛው የፊደል ኮድ እንደሚያስቀምጥ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ላቲን1 የሚባለውን ኮድ ወሰደ። ላቲን1 ውስጥ ደግሞ ለ«ሀ» የተመደበ ቦታ የለም። ቦታ የሌለውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨር በነካሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ይህን መስመር ነው። ዛሬ ስለሱ መጻፍ የፈለግኩት ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቀበሌውም፣ ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ውጭ አገር ያለው የእድር ማኅበርም ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነው። ዛሬ የሚመረጠው የፊደል ኮድ የዛሬ 20 ዓመት ስማችን ይነበብ እንደሆነ ይወስናል።

ስለ ዓመቶቹ አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኢሜይል ሲወለድ

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የፊደል ኮድ ማለት የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የተደረገ ስምምነት ነው። ጽሑፉን ያስቀመጠውና የሚያነበው ፕሮግራም በአንድ ስምምነት ካልሄዱ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ነው።

ሰርቨር ለሰርቨር ደብዳቤ የሚያቀባበልበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ በ1982 ሲወጣ የሚቀበለው አስኪን ብቻ ነበር። አስኪ 128 ምልክቶች አሉት። የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች፣ በቃ። አናቷ ላይ ጭረት ያለባትን ፊደል መላክ የፈለገ ፈረንሳዊ እንኳ መንገድ አልነበረውም። በ1990ዎቹ ባሕር ማዶ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በኢንተርኔት አማርኛ ለመጻጻፍ ፊደሉን በላቲን የሚወክል ሥርዓት አበጁ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት «ሰራ» የተባለው ሥርዓት የታወቀው በዚህ ነው። በአስኪ ቧንቧ ውስጥ አማርኛን ማሳለፊያ ነበር።

መፍትሔው በ1992 መጣ። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የሚባለውን ደንብ አወጡ። ቧንቧውን አልነኩትም። በቧንቧው የሚያልፈውን ነገር ግን ጠቀለሉት። በተለይ ቤዝ64 የሚባለው አጠቃለል ማንኛውንም 3 ባይት (ባይት ማለት ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው) ወስዶ በ4 የአስኪ ምልክት ይጽፈዋል። በዚያው ዓመት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ የዓለምን ፊደላት በባይት የሚጽፈውን ኮድ፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ ነደፉ። በ1999 ደግሞ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ ዩኒኮድ፣ 3.0 ዕትሙ ሲወጣ የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር አገኘ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ነበረው። በአንዱ «ለ» የነበረው ቁጥር በሌላው ሌላ ነው። የዚያ ዘመን ደብዳቤዎች ዛሬም በየሰርቨሩ ጓዳ አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ላቲን ነን ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ሲከፈቱ ግን የሚነበቡት በዚያ ዘመን ፎንት ብቻ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ቦታ እንቆጥብ የሚሉ ሰዎች

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው። ሌላው የዩኒኮድ አጻጻፍ በሆነው በዩቲኤፍ-16 ግን የአማርኛው 2 ባይት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አልፎ አልፎ «የእኛ ደብዳቤ ስለሆነ በዩቲኤፍ-16 እናስቀምጥ፤ አንድ ሦስተኛ ቦታ እንቆጥባለን» የሚል ባለሙያ ይገጥመኛል። ሐሳቡ ከቀናነት የመጣ ነው። የፊደሎቹ ስሌትም ልክ ነው። ለኢሜይል ግን አይሆንም።

አንድ ኢሜይል ስትከፍቱት የምታዩት ጽሑፍ የደብዳቤው ጥቂቱ ክፍል ነው። ከላዩ የላኪው አድራሻ፣ ያለፈባቸው ሰርቨሮች ዝርዝር፣ ቀኑ፣ ፊርማው አለ። ጽሑፉም ራሱ መልኩን በሚወስኑ የኤችቲኤምኤል ምልክቶች፣ ታግ በሚባሉት፣ መሐል ነው ያለው። ያ ሁሉ አስኪ ነው። በዩቲኤፍ-16 ሲቀመጥ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ከፊደላችን የቆጠብነውን በአድራሻና በታግ እንከፍለዋለን።

ደግሞ ትልቁ ብክነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። 1,000 ፊደል ያለው የአማርኛ ደብዳቤ በዩቲኤፍ-8 3,000 ባይት ነው። በቤዝ64 ሲጠቀለል ከነመስመር ማብቂያዎቹ 4,100 ገደማ ይደርሳል። ኮትድ ፕሪንተብል በሚባለው ሌላው አጠቃለል ግን እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚጻፍ አንድ ፊደላችን 9 ምልክት ይሆናል። ያው ደብዳቤ 9,000 ባይት አለፈ ማለት ነው። ኮትድ ፕሪንተብል የተሠራው አብዛኛው ፊደሉ አስኪ ለሆነ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ጭረት ለሚገባበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ የምትልኩ ከሆነ ቤዝ64 ይሻላችኋል።

በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ አማርኛ ሲታመቅም ጎበዝ ነው። በዋናው የፊደል ሰንጠረዣችን ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። እንዲህ የሚደጋገም ነገር ማመቂያ ፕሮግራም በጣም ይወዳል።

«ነው።» ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አማርኛ ኢሜይል ከፍታችሁ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» እየተደጋገመች፣ በመሐል ባርኔጣ የመሰለች ምልክትና የዲግሪ ክብ እየገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ዝብርቅርቅ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የዩቲኤፍ-8 ባይቶቻችን ዊንዶውስ-1252 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ሲነበቡ የሚወጣው ነው። «ሰ» በዩቲኤፍ-8 225፣ 136፣ 176 ነው። በዊንዶውስ-1252 225 ጭረት ያለባት «ኤ» ናት፤ 136 ባርኔጣዋ፤ 176 የዲግሪ ክቡ። ፊደሎቻችን ሁሉ በ225 ስለሚጀምሩ ነው ያቺ «ኤ» በየሦስቱ የምትመጣው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ደብዳቤው የተበላሸ ይመስለዋል። ባይቶቹ ካልተነኩ ግን ምንም አልሆነም። መልሶ በትክክለኛው ሰንጠረዥ ማንበብ ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ፕሮግራም ያንን ዝብርቅርቅ እውነተኛ ጽሑፍ ነው ብሎ ወደ ሌላ ኮድ ሲቀይረው ነው።

ዊንዶውስ-1252 256 ቦታዎች አሉት። ከእነሱ አምስቱ ባዶ ናቸው፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144ና 157። በእነዚህ ቁጥሮች የተመደበ ፊደል የለም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ባዶዎቹን ቁጥሮች እንዳሉ ያሳልፏቸዋል። ሌሎቹ ግን ሲያገኟቸው በጥያቄ ምልክት ይተኳቸዋል፤ ወይም ያወጧቸዋል። በዚህ ጊዜ ከሦስቱ ባይት አንዱ ጠፋ። ፊደሉ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

የትኞቹ ፊደሎች ናቸው? አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሰንጠረዡን በእጄ ቆጠርኩት። ሁ፣ ል፣ ም፣ ሐ፣ ቁ፣ ነ፣ ኝ፣ ው፣ ዐ፣ ዝ፣ ግ በሦስተኛ ባይታቸው ከባዶዎቹ ቁጥሮች አንዱን ይይዛሉ። የፈ፣ የፀና የፐ ቤት ፊደሎች በሙሉ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው። አራት ነጥብም፣ ነጠላ ሰረዝም፣ የግዕዝ ቁጥሮችም እንዲሁ።

እንግዲህ «ነው።» የሚለውን ተመልከቱ። «ነ» 225፣ 138፣ 144 ነው። «ው» 225፣ 139፣ 141። አራት ነጥቡ 225፣ 141፣ 162። ሦስቱም በየራሳቸው ባዶ ቁጥር ይዘዋል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በብዛት የሚዘጋበት ቃል፣ ከነመዝጊያ ነጥቡ፣ አንድም ሳይቀር በዚህ ወንፊት ያልፋል። «ሰላም» ብትሉ «ሰ»ና «ላ» ይመለሳሉ፤ «ም» ትቀራለች። «ኢትዮጵያ» ግን አምስቱም ፊደል ደህና ይወጣል። «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ቃሉን ያተርፋል፤ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ «ይ»ን ብቻ።

«አ»ና «በ» ሌላ ፈተና አለባቸው። ሦስተኛ ባይታቸው 160 ነው። 160 በዊንዶውስ-1252 የማይሰበር ክፍተት ነው። ጽሑፍ «የሚያጸዳ» ፕሮግራም ወደ ተራ ክፍተት ከቀየረው አዲስ አበባም መመለሻ አጣች።

እነዚህን ሰንጠረዦች የሠሩ ሰዎች እኛን ለመጉዳት አስበው አይደለም። ግን የእኛን ፊደል በእነሱ ሰንጠረዥ በኩል ማሳለፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በዚህ በኩል ያለፈ የ10 ዓመት የደብዳቤ ማኅደር ሲገጥመኝ ያሳዝነኛል። ደብዳቤው ይነበባል እኮ፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጅራቱ ተቆርጧል።

ሦስት ባይት የማይበቃበት

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ በብዙ የኢሜይል ሰርቨሮች ውስጥ አለ። የተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ የአድራሻ ደብተር፣ በብሮውዘር የሚከፈተው ኢሜይል ቅንብሮች፣ ፊርማዎች፣ «ዕረፍት ላይ ነኝ» የሚሉ ራስ ሰር መልሶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። የዚህ ዳታቤዝ የመጀመሪያ ኩባንያ የስዊድን ነበር። እስከ 2018 ድረስ፣ ማለትም 8.0 የተባለው ዕትሙ እስኪወጣ፣ ሳይነገረው የሚመርጠው ኮድ ላቲን1 ነበር፤ ፊደል የሚያሰልፈውም በስዊድንኛ ቅደም ተከተል። በመግቢያዬ የነገርኳችሁ መሥሪያ ቤት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚሁ ቤት የተወለደው ማሪያዲቢም ላቲን1ን ከዚያ በላይ ይዞ ቆይቷል።

ይህን ያወቀ ባለሙያ ምን ያደርጋል? «ዩቲኤፍ8» ብሎ ይጽፍና ያርፋል። ዕረፍቱ ግን ልክ አይደለም። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» የሚባለው ሙሉው ዩቲኤፍ-8 አይደለም። ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። እውነተኛው ዩቲኤፍ-8 እስከ 4 ይሄዳል። ሙሉው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» በሚል ሌላ ስም በ2010 ተጨመረ። አሮጌው ስም በ8.0 ውስጥም እንኳ ያንኑ ባለ 3 ባይቱን ነው የሚጠራው።

አማርኛ 3 ባይት ስለሆነ ችግር የለም ትሉ ይሆናል። እስቲ የእንቁጣጣሽ መልእክት አስቡ። አንዷ በርዕሱ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ የአበባ ኢሞጂ አስገባች፤ ከአበባው በኋላ የስብሰባውን ቀንና ቦታ ጻፈች። ኢሞጂው 4 ባይት ነው። ዳታቤዙ ጥብቅ ካልተደረገ አበባው ጋ ሲደርስ ጽሑፉን ይቆርጠዋል። አበባውም፣ ቀኑም፣ ቦታውም ይሄዳል። ጥብቅ ከተደረገ ደግሞ ስህተት ብሎ አልቀበልም ይላል። ከሁለቱ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ቢያንስ ጉድለቱን በጊዜው ታውቁታላችሁ።

ኢሞጂ ጌጥ ነው፣ ቢቀርስ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። በ2021 ዩኒኮድ 14.0 ሲወጣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት ቁጥር ተሰጣቸው። በ2005ና በ2010 የተጨመሩት የፊደል ዘመዶች ከ65,536 በታች ስላረፉ 3 ባይት ይበቃቸዋል። የ28ቱ ቁጥር ግን ከዚያ በላይ ነው። እያንዳንዳቸው 4 ባይት ናቸው። በባለ 3 ባይቱ «ዩቲኤፍ8» ላይ የቆመ ሰርቨር ለአንድ ጉራጊኛ ጸሐፊ የአበባውን ኢሞጂ እንዳደረገው ያደርገዋል፤ ፊደሉ ጋ ሲደርስ ይቆርጠዋል። የሰው ቋንቋ እንደ ኢሞጂ ተቆርጦ ሲቀር ጌጥ ነው ማለት አይቻልም።

ሌላም አለ። ኮዱ ባለ 4 ባይት ቢሆንም የፊደል ማወዳደሪያው ያረጀ ሊሆን ይችላል። በማይኤስኪውኤል «ጄኔራል» የተባለውና «ዩኒኮድ» የተባለው የቆዩ ማወዳደሪያዎች ከ65,536 በላይ ያሉትን ፊደሎች በሙሉ አንድ ዓይነት አድርገው ይቆጥራሉ። ሁለት የተለያዩ የጉራጊኛ ፊደሎች ለእነሱ እኩል ናቸው። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ስሞችን አንድ ሰው ናቸው ብሎ አንዱን ሊከለክል ይችላል። ከ8.0 ጋር የመጣው «0900» የሚል ቁጥር ያለበት ማወዳደሪያ ይለያቸዋል።

ብዙ ሰርቨሮች ለምን ወደ ባለ 4 ባይቱ ሳይሻገሩ ቀሩ? ምክንያቱ በአብዛኛው ስንፍና አይደለም። የቆየው ዳታቤዝ ለአንድ ማውጫ፣ ማለትም ቶሎ ለመፈለግ ለሚያዘጋጀው ዝርዝር፣ 767 ባይት ብቻ ነበር የሚፈቅደው። የኢሜይል አድራሻ ዓምድ ደግሞ በልማድ 255 ፊደል ነው። 255 በ3 ሲባዛ 765፤ ለጥቂት ይገባል። በ4 ሲባዛ 1,020፤ አይገባም። ባለሙያው ለመቀየር ሲሞክር ስህተት ይወጣበትና ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ዓምዱን ወደ 191 ፊደል ያሳጠረ አለፈ። በአዲሶቹ ዕትሞች ገደቡ ወደ 3,072 ባይት ስላደገ ይህ ሰበብ ዛሬ የለም።

ደብዳቤውን እንደመጣ አስቀምጡት

እስካሁን ያወራሁት ስለ ስምና ስለ ርዕስ ነው። ዋናው ደብዳቤ ግን ሌላ ሕግ ይፈልጋል። እሱን ወደ ምንም ኮድ አትቀይሩት። ዩቲኤፍ-8ም ቢሆን።

አንዳንድ ሥርዓቶች ገቢውን ሁሉ ተርጉመው በአንድ ኮድ ያስቀምጣሉ። ያምራል፤ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ግን ደብዳቤው ዲኬአይኤም የሚባል ዲጂታል ፊርማ ይዞ ይመጣል። ፊርማው የሚሠራው በደብዳቤው ባይቶች ላይ ነው። በተፈረመው ክፍል ፊደል ሲቀየር ፊርማው አይገጥምም። ነገ ፍርድ ቤት «ይህን ደብዳቤ የላከው እውነት እሱ ነው?» ቢባል ማስረጃውን በገዛ እጃችን አጥፍተናል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ የ1990ዎቹ ደብዳቤዎችም እዚህ ይመጣሉ። ላቲን ነን ይላሉ፤ አይደሉም። አምኖ የተረጎማቸው ሰርቨር ቁጥሮቻቸውን ያጠፋል። እንደመጡ ከተቀመጡ ግን ያንን ፎንት የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ሊፈታቸው ይችላል።

ደብዳቤዎችን በየፋይሉ የሚያስቀምጡ እንደ ዶቭኮት ያሉ ሰርቨሮች እዚህ ላይ ጥሩ ናቸው። ደብዳቤውን ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ ሰርቨር ካላችሁ ዓምዱ የጽሑፍ ሳይሆን የጥሬ ባይት ይሁን። በማይኤስኪውኤል ብሎብ ይባላል፣ ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ባይትኤ። ፖስትግሬስ «ዩቲኤፍ8» ሲል እውነተኛውን ነው። ግን የራሱ ወጥመድ አለው። የተተከለበት ማሽን ቋንቋ ካልተነገረው «ኤስኪውኤል አስኪ» የሚል ኮድ ይይዛል። ያ ኮድ አስኪ ላልሆነ ባይት ምንም ፍተሻ አያደርግም። የገባውን ሁሉ ይቀበላል፤ የአማርኛ ዩቲኤፍ-8ና የፈረንሳይ ላቲን በአንድ ዓምድ ተቀላቅለው ሲገኙ ማን የማን እንደሆነ የሚለይ የለም።

የአማርኛ ፍለጋም በዚህ ይያያዛል። «ሠላም» ብሎ የጻፈውን «ሰላም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኘው ዘንድ የሚስተካከለው የፍለጋ ማውጫው ነው። አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ማውጫው ሁለቱን አንድ ያድርግ። ደብዳቤው ራሱ ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቆይ። ሐን በሐ የጻፈ ሰው ሐ ብሎ ነው የጻፈው።

ርዕስ ሲላክ የሚሆነውን ላንሳ። በደንቡ አንድ የተጠቀለለ የርዕስ ቁራጭ ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። የመጠቅለያው ስም 12ቱን ይወስዳል። ከቀረው ውስጥ ቤዝ64 60 ምልክት ይጠቀማል። 60 ምልክት 45 ባይት ነው፤ 45 ባይት ደግሞ 15 ፊደላችን። ስለዚህ ከ15 ፊደል የረዘመ የአማርኛ ርዕስ መቆራረጡ አይቀርም። ደንቡ ቁርጡ በፊደል መሐል እንዳይሆን ያዛል። ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም ግን በባይት ይቆርጣል። በየርዕሱ መሐል የምታዩት በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ርዕሱን በሁለት የተሰነጠቀ ፊደል ሳይሆን በሙሉ ፊደል ቆርጦ የሚልክ ፕሮግራም ምረጡ።

የፎልደር ስም ለብቻው ነው። ደብዳቤ ከሰርቨር የሚነበብበት አይማፕ የሚባለው ደንብ እስከ 2021 የነበረው ዕትም የፎልደር ስሞችን ሁሉን በአስኪ ምልክት በሚጽፍ በልዩ የዩቲኤፍ-7 አጻጻፍ ነው የሚያስኬዳቸው። «ደመወዝ» የሚል ፎልደር በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ስትፈልጉት በእና ምልክት የሚጀምር የላቲን ጥርቅም ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ባካፕ ስታደርጉ ስሙን «ላስተካክል» ብላችሁ አትንኩት።

ዘጠኝ እና ሦስት

ዳታቤዛችሁ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። በድርጅቱ የኢሜይል ገጽ ገብቼ በአድራሻ ደብተሩ «ነው።» የሚል ስም እመዘግባለሁ። ከዚያ ማይኤስኪውኤልን ስለዚያ ስም ሁለት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ ስንት ባይት ነህ? ስንት ፊደል ነህ?

9 ባይትና 3 ፊደል ካለ ጤነኛ ነው። 9 ባይትና 9 ፊደል ካለ ባይቶቹ ደህና ናቸው፤ ዳታቤዙ ግን ላቲን እየመሰሉት ነው። ይህ ይድናል። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት፣ ቀጥሎ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መቀየር ነው። በቀጥታ ከላቲን ወደ ዩቲኤፍ-8 ከቀየራችሁት ዝብርቅርቁን እውነተኛ ጽሑፍ ታደርጉታላችሁ። ያን ጊዜ መልሱ 19 ባይትና 9 ፊደል ይሆናል። ይህም ባይመቸውም ይመለሳል፤ ማይኤስኪውኤል አምስቱን ባዶ ቁጥሮች ሳይጥል ስለሚያሳልፋቸው። 3 ባይትና 3 ፊደል ካለ ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው የተቀመጠው። እሱ የሚመለሰው ከባካፕ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አንድ የአበባ ኢሞጂ፣ ቀጥሎ ከ28ቱ የጉራጊኛ ፊደሎች አንዱን አስገባለሁ። ፊደሉን ለማሳየት ፎንት ከሌለ ባዶ ሳጥን ይታያል። ሳጥን ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ማሳያው ነው ያላወቀው እንጂ 4ቱ ባይት እዚያው አሉ። ይህንኑ ሙከራ በፊርማ፣ በራስ ሰር መልስ፣ በፎልደር ስም እደግመዋለሁ። በሙሉ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

በዚያ መሥሪያ ቤት ሰኞ ከሰዓት ጠረጴዛዎቹን አጥፍተን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንደገና ፈጠርናቸው፤ ስሞቹንም ከአሮጌው ማሽን በድጋሚ አሻገርን። የመጀመሪያውን ሙከራ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ራሳቸው መዘገቡት። 9ና 3 መጣ። አሮጌው ማሽን እንዲደመሰስ የፈረሙት የራሳቸውን የአድራሻ ደብተር ከላይ እስከ ታች፣ ስም በስም፣ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ነው።